የዕድር መዝገብና የዕድሜ ዓምድ

በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ለጀማሪ ተማሪዎች የስታቲስቲክስ መግቢያ በማስተምርበት በአንድ የማታ ክፍል ውስጥ፣ ፕሮባቢሊቲ ወደሚባለው የአጋጣሚ ስሌት ስንደርስ፣ እንደ ልማዴ የመድን ኩባንያን ምሳሌ አድርጌ አረቦን እንዴት እንደሚተመን በሰሌዳው ላይ አሰላሁ። ከክፍል ስንወጣ፣ ቀን ታክሲ እየነዱ ማታ የሚማሩና በዕድሜም ከእኔ የሚበልጡ አንድ ያገር ሰው አስቆሙኝና «መምህር፣ ይህ እኮ ዕድር ነው፤ ስም አላወጣንለትም እንጂ እኛ ስናደርገው ኖረናል» አሉኝ። በኋላ እንደተረዳሁት በዚሁ አካባቢ ላለ አንድ ዕድር ገንዘብ ያዥ ናቸው።

የሰውየው አባባል እውነት ነው። ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ዕድር በኮሌጅ መጻሕፍት ስለ መድን ከሚነገሩት ሐሳቦች አብዛኞቹን በልምድ ደርሶባቸዋል፤ አንዱን ግን አልደረሰበትም። በሀገር ቤት ሳለን ይህ ጉድለት ብዙም አይታይም ነበር፤ በስደት ግን የዕድሮቻችንን ህልውና የሚነካ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ነገሩን ከታሪክ አኳያ ለመመርመር የተደረገ ሙከራ ነው። (ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ዕድርን ከጥንት ከገጠር የወረስነው ባህል አድርገን እንናገራለን። ማኅበርና ሰንበቴ፣ ደቦና ወንፈል በእርግጥ የቆዩ ናቸው። ዕድር ግን በአመዛኙ የከተማ ልጅ ነው። አመጣጡን ያጠኑ ምሁራን አንዳንዶቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወደ አዲስ አበባ ከገቡ የጉራጌ ተወላጆች ጋር፣ ሌሎቹም ከጣሊያን ወረራ ዓመታት ጋር ያያይዙታል። ከ1941 ነጻነት በኋላ ግን በሰፊው እንደተስፋፋ አያከራክርም። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለ መረዳጃ ማኅበራት ሲጽፉ ዕድር በአዲስ አበባ ሥር የሰደደ ነገር ሆኖ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ ዓሉላ ፓንክረስትና ዳምን ኃይለማርያም ባወጡት ጥናት ተቋሙ ወደ ብዙ የገጠር ቀበሌዎች ጭምር መዝለቁን አሳይተዋል። እንግዲህ የሄደው ከከተማ ወደ ገጠር እንጂ ከገጠር ወደ ከተማ ብቻ አልነበረም።

ይህ ለእኛ ቀላል ቁም ነገር አይደለም። በገጠር የሞተ ሰው ወገኑ ያነሣዋል፤ ደብሩ ወይም መስጊዱ ያውቀዋል። ወደ ከተማ የገባ እንግዳ ግን «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ዕድር የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። በሌላ አነጋገር ዕድርን የፈጠሩት በገዛ አገራቸው ስደተኛ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላይ እንደገና መቋቋሙ የሚያስደንቅ አይሆንም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። መቶ አባላት ያሉትን አንድ ዕድር እናስብ፤ በዓመት ከመቶው ሁለቱ ይሞታሉ እንበል። አማካዩ ሁለት ቀብር ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት ምንም ላይሞት፣ በሌላው ዓመት አራት ሊሞት ይችላል። መደበኛ ልይይት የሚባለው፣ ውጤቱ ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅበት መጠን፣ እዚህ ላይ 1.4 ይሆናል፤ ይህም የአማካዩ 70 በመቶ ማለት ነው። ዕድሩ 2,500 አባላት ቢኖሩት ግን አማካዩ 50 ቀብር፣ ልይይቱ 7 ብቻ ነው፤ ይህ የአማካዩ 14 በመቶ ነው። ማንም የራሱን ቀን አያውቅም፤ ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ግን የጠቅላላው ቁጥር ሊታወቅ ይቃረባል። የባዝሉ ተወላጅ ያዕቆብ ቤርኑሊ ይህን በሒሳብ ያረጋገጠበት መጽሐፍ የታተመው እርሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1713 ነበር። የአዲስ አበባ የዕድር ዳኞች ቤርኑሊን አላነበቡም። ሆኖም አነስተኛ ዕድር በአንድ ክፉ ወር ካዝናው እንደሚራቆት ያውቁ ነበርና ጥሪት ያስቀምጡ ነበር፤ ጥሪቱ ባነሰ ጊዜም ተጨማሪ መዋጮ ይጥሉ ነበር።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው የመተዳደሪያ ደንባቸው ነው። ኬኔዝ አሮው በ1963 ስለ ሕክምና ኢኮኖሚ፣ ጆርጅ አከርሎፍም በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፏቸው ታዋቂ ጽሑፎች የመድንን ሁለት ሕመሞች ለምሁራን አስረድተዋል። አንደኛው አደጋ ያለበት ሰው ብቻ መድን ሊገባ መሽቀዳደሙ ነው፤ ጤነኛው ሲርቅ አረቦኑ ይወደዳል፣ በተወደደ ቁጥርም ጤነኛው ይበልጥ ይርቃል። ሁለተኛው ዋስትና ያገኘ ሰው ጥንቃቄው መላላቱ፣ ወጪውም መብዛቱ ነው። የዕድር ደንብ ሁለቱንም ቀድሞ አስቦባቸዋል። አዲስ ገቢ ወዲያው አይረዳም፤ የተወሰኑ ወራት መጠበቅና የቆዩት ካከማቹት ጋር የሚመጣጠን መግቢያ መክፈል ግዴታው ነው። የሚመዘገበው ቤተሰብ እንጂ ግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ የታመመችውን እናት ብቻ አስመዝግቦ ጎረምሳውን ማስቀረት አይቻልም። ቀብር ያልደረሰ፣ ለቅሶ ያልተቀመጠ ይቀጣል። ይህ ቅጣት ለክብር ብቻ የተደነገገ አይመስለኝም፤ ዕድርተኛው በዓይኑ የሚያየው ሞት ሐሰት ሊሆን አይችልምና የማጣሪያ መንገድም ነው። የመድን ኩባንያ ለዚህ መርማሪ ይቀጥራል፤ ዕድር ድንኳን ይተክላል።

ታዲያ ሞትን እንዲህ በብልሃት የያዘ ተቋም ሕመምን ለምን ሳይይዝ ቀረ? ይህን ጥያቄ የጤና ኢኮኖሚ አጥኚው ዳምን ኃይለማርያም በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ በቀጥታ አንሥተውታል፤ ዕድር ለሕክምና ወጪ መሸፈኛ አማራጭ ሊሆን የሚችልበትን ሁኔታ መርምረዋል። እንደ እኔ አስተያየት መልሱ በሁለቱ አደጋዎች ጠባይ ላይ ነው። ሞት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ መምጣቱ አያጠራጥርም፤ ወጪውም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሕመም ግን ይመላለሳል፤ ልኩን የሚያውቀው ታማሚውና ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ወጪው ከአንድ እንክብል እስከ ቀዶ ጥገና ይዘረጋል። በሌላ አነጋገር የሞት ወጪ ልይይት ትንሽ፣ የሕመም ወጪ ልይይት ግን እጅግ ሰፊ ነው። ሕመምን ለመድን ብዙ ሕዝብ፣ ብዙ ዓመት የተያዘ መዝገብ፣ ከሐኪም ቤት ጋርም ውል ያስፈልጋል።

በዚህ በምንኖርበት አገር የጤና መድን የተጀመረው እነዚህ ሦስቱ በተገናኙበት አጋጣሚ ነበር። በ1929 የዳላስ መምህራን በወር 50 ሳንቲም እየከፈሉ በቤይለር ሆስፒታል እስከ 21 ቀን የሚታከሙበት ስምምነት ተደረገ። ዕቅዱን ያወጣው ጀስቲን ፎርድ ኪምባል ቀድሞ የከተማው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ለመምህራን የሕመም መረዳጃ ገንዘብ አቋቁሞ ነበር፤ የ50 ሳንቲሙን ተመን ያገኘውም የዚያን መረዳጃ መዝገብ መርምሮ ነው። አንድ የዕድር ዓይነት መዝገብ ለታላቅ ኢንዱስትሪ መነሻ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ በ1942 የጦርነቱ ጊዜ የደመወዝ ቁጥጥር አሠሪዎችን በደመወዝ ፈንታ መድን እንዲያቀርቡ ገፋፋቸው፤ መድኑም ከሥራ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በራሱ ታክሲ የሚተዳደረው ወገናችን ለብዙ ዘመን ከዚህ ውጭ ሆኖ የኖረው በዚህ የታሪክ አጋጣሚ ነው። በ2010 የወጣው ሕግ መድን ሰጪ በሕመም ምክንያት ማንንም እንዳይመልስ ሲያዝ፣ ጤነኛው እንዳይርቅ ቅጣት ደንግጎ ነበር፤ የፌዴራሉ ቅጣት ግን ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ ወርዷል።

በኢትዮጵያም ዘመናዊው መድን ከዕድር ጋር ሳይተዋወቅ ነው የኖረው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ሰጠ፤ በ1951 የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1975 ደርግ አሥራ ሦስት ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በ1994 ሥራው እንደገና ለግል ባለሀብት ተከፈተ። ይህ ሁሉ ሲሆን አብዛኛው ሕዝብ የሚያውቀው መድን የዕድሩን ጡሩምባ ነበር። ሁለቱ መንገዶች የተቀራረቡት በ2011 ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአሥራ ሦስት ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ነው፤ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። እንደ ዕድሩ ሁሉ የሚመዘገበው ቤተሰብ ነው። ሙከራውን የተከታተሉ አጥኚዎች በ2012 መጨረሻ ከታለሙት ቤተሰቦች 45.5 በመቶው እንደገቡ ጽፈዋል። ሥር የሰደደ ሕመም መኖሩ የበለጠ እንዲገቡ አላደረገም፤ ቀድሞ ለሕክምና ብዙ ያወጡት ግን ይበልጥ ገብተዋል። ለፈቃደኝነት መድን ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ለመደበኛ ሠራተኞች በ2010 የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድን ግን አዋጁ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላም ሥራ ላይ አልዋለም ነበር።

እስካሁን የተነገረው የብዙ ቁጥር ሕግ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ይኸውም አደጋዎቹ እርስ በርሳቸው የማይያያዙ መሆናቸው ነው። የአንዱ ሞት የሌላውን ሞት የሚጎትት ከሆነ፣ ወይም ሁሉንም በአንድነት የሚመታ ነገር ከመጣ፣ የአባላት ብዛት አያድንም። የአዲስ አበባ ዕድሮች ይህን የተማሩት በኤድስ ዘመን ነው። ቀብሩ በዛ፤ የሚሞተውም ሽማግሌው ሳይሆን መዋጮ የሚከፍለው ጎልማሳ ሆነ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የሞት ምዝገባ ሥርዓት አልነበራትም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2016 ነው። ስለዚህ በ2001 አጥኚዎች የበሽታውን ጉዳት ለመለካት ወደ አዲስ አበባ የመቃብር ሥፍራዎች ሄደው ቀብሮችን መቁጠር ጀመሩ። ጆን ግራውንት በ1662 በለንደን የሳምንት የሞት ዝርዝሮችን ሰብስቦ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ስታቲስቲክስ የተወለደው ከመቃብር ደጃፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በስደት ዕድር ላይ የተጋረጠው አደጋ ወረርሽኝ አይደለም፤ ከእርሱ ይበልጥ ዝግ ያለና ይበልጥ የማይቀር ነገር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያለው ወገናችን በሦስት ማዕበል መጣ ለማለት ይቻላል፦ ከ1974 አብዮት በፊት ለትምህርት መጥተው የቀሩት፤ ከ1980 የስደተኞች ሕግ በኋላ በአብዛኛው በሱዳን በኩል የደረሱት፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዲቪ ዕጣ የገቡት። እያንዳንዱ ማዕበል ከሞላ ጎደል ባንድ ዕድሜ ላይ የነበሩ ወጣቶችን አመጣ። ዕድሮቹን ያቋቋሙትም እነዚሁ ወጣቶች ናቸው። በሀገር ቤት ዕድር ሽማግሌና ወጣት ተቀላቅለው ይኖሩበታል፤ አንዱ ሲያልፍ ልጁ በስሙ ይተካል። እዚህ ግን ዕድርተኛው ሁሉ ባንድነት ያረጃል።

እንዲያው ለምሳሌ አንድ ሺህ አባላት ያሉትን ዕድር እንውሰድ። አባላቱ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ በዓመት ከሺህ ሁለት ሰው ይሞታል እንበል። ለአንድ ቀብር 15,000 ዶላር ቢከፈል፣ አስከሬን ወደ ሀገር ለሚላክበትም ይህ ብዙ አይደለም፣ ለአንድ አባል በዓመት የሚደርሰው 30 ዶላር ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ከስድሳ አምስት ሲያልፉ ከሺህ 15 ሰው ቢሞት መዋጮው 225 ዶላር ይሆናል። ይህን የሚያይ የሠላሳ ዓመት ወጣት ምን ያደርጋል? የጊዜ ገደብ ያለው የሕይወት መድን በርካሽ ያገኛልና ዕድሩን አይገባም። እርሱ ሲቀር አማካዩ ዕድሜ ይጨምራል፤ መዋጮውም ይከተላል። አከርሎፍ ስለ አሮጌ መኪና የጻፈው እዚህም ይሠራል።

ይህ በእኛ አልተጀመረም። በ1868 በፔንሲልቬንያ፣ በሜድቪል ከተማ፣ ጆን አፕቸርች የተባለ የባቡር ሠራተኛ አንድ የሠራተኞች ወንድማማች ማኅበር አቋቋመ፤ አባል በሞተ ቁጥር እያንዳንዱ አንድ ዶላር ያዋጣል፣ ሽማግሌ ከወጣት ሳይለይ። ነገሩ ዕድር ነው። ማኅበሩ በፍጥነት አደገ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። አባላቱ ባረጁ ጊዜ ግን የዶላሩ ጥሪ በየዓመቱ በዛ፤ ወጣቶቹ መውጣት ጀመሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከእነዚህ ማኅበራት ብዙዎቹ ፈረሱ፤ የቀሩትም በዕድሜ ሠንጠረዥ የተተመነ ክፍያና ሕጋዊ መጠባበቂያ ለመቀበል ተገደዱ። በራሷ በአሌክሳንድሪያም፣ በደቡብ ኮሎምበስ መንገድ፣ የኦድ ፌሎውስ አዳራሽ የነበረው ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት የከተማይቱ ጥቁር ነዋሪዎች የመረዳጃ ማኅበራት ይሰበሰቡበት ነበር። እነርሱ በራሳቸው ማኅበራት የጸኑበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1896 ፍሬዴሪክ ሆፍማን የተባለ የፕሩዴንሻል ኩባንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጥቁሮች ለመድን የማይበቁ ናቸው የሚል መጽሐፍ በቁጥር አስደግፎ አውጥቶ ነበር። ድኽነትንና አድልዎን ከዘር ጋር ያምታታ ሥራ መሆኑን ዱ ቦይስ ወዲያው ነቅፎ ጽፏል። የሞት ሠንጠረዥ ለሁሉም ጥሩ ወዳጅ እንዳልነበረ ለማስታወስ ያህል ነው።

በአንጻሩ በ1740ዎቹ የስኮትላንድ ካህናት ለመበለቶቻቸው ያቋቋሙት ገንዘብ ይታያል። ሁለቱ መሥራቾቹ፣ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር፣ አስቀድመው ከየአጥቢያው ቁጥር ሰበሰቡ፦ በሕይወት ካሉት 930 ካህናት በዓመት በአማካይ 27 ይሞታሉ፤ ከእነዚህም 18 መበለት ይተዋሉ። ስሌታቸውን የኤዲንብራው የሒሳብ ሊቅ ኮሊን ማክሎሪን አየላቸው። ገንዘቡ ለዘመናት የዘለቀው ሁለት ነገሮች ስለነበሩት ነው፤ ለነገ የሚሆን ጥሪት ከመጀመሪያው ማስቀመጡና ለአዲስ ተሿሚ ሁሉ አባልነት ግዴታ መሆኑ። ወጣቱ ካህን የመቅረት ምርጫ አልነበረውም።

እኛ ይህ ግዴታ የለንም፤ ሊኖረንም አይችልም። ስለዚህ አንዳንዶች መዋጮው በዕድሜ ይለይ ይላሉ። በሒሳቡ ረገድ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ዕድር የቆመው ሀብታምና ድኻ፣ ጌታና ሎሌ እኩል ከፍለው እኩል በሚቀበሩበት ሐሳብ ላይ ነው፤ ሰባ ዓመት ለሞላው መሥራች «አንተ ከባድ ነህና ሰባት እጥፍ ክፈል» ማለት የመድን ኩባንያ ቋንቋ እንጂ የዕድር ቋንቋ አይደለም። በእኔ አስተያየት የሚሻለው መዋጮውን በእኩልነቱ ትቶ፣ መግቢያውን በመግቢያ ዕድሜ መለየት፣ ቤተሰብ ሲመዘገብ ልጆች ለአቅመ አዳም ሲደርሱ በራሳቸው ስም የሚቀጥሉበትን በር መክፈት፣ ከዛሬም ጀምሮ ጥሪት ማስቀመጥ ነው። ይህም ቢሆን ከተዘገየ አይሠራም፤ ጥሪት ለማከማቸት የሚመቸው ዘመን አባላቱ ወጣት የነበሩበት፣ ቀብር እምብዛም ያልነበረበት፣ መዋጮውም «በቂ ነው» ተብሎ ዝቅ የተደረገበት ያ ዘመን ነበር። ባለ ሂሳቦቻችን በዚያን ጊዜ ካዝናው ሞልቶ ሲያዩ ደስ ይላቸው ነበር። ያ ገንዘብ ትርፍ ሳይሆን ያልደረሰ ዕዳ መሆኑን የሚነግራቸው አልነበረም።

ገንዘብ ያዡ ተማሪዬ በዚያው ወቅት የዕድራቸውን መዝገብ ይዘውልኝ መጡ፤ ሠንጠረዥ እናውጣ ብለው ነበር። መዝገቡ በጥንቃቄ የተያዘ ነው። ስም፣ የትዳር ጓደኛ፣ የልጆች ብዛት፣ የገቡበት ቀን፣ ስልክ፣ ሀገር ቤት ያለ ተጠሪ፣ አስከሬኑ እዚህ ይቀበር ወይስ ይላክ የሚለው ሁሉ በየዓምዱ ሰፍሯል። የልደት ዘመን ግን የለም፤ ማንም አልጠየቀም ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ አባላቱ ዘመናቸውን እንዲሞሉ አዲስ ዓምድ አሠመሩበት። ወረቀቱ ሲመለስ ከግማሽ የሚበልጡት አልሞሉትም። ከሞሉት መካከል ብዙዎቹ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ነው፤ ካርቱም ላይ ወይም ናይሮቢ ላይ ፎርሙን የሞላው ሰው የጻፈላቸው ቀን ነው። በኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራዎች ዕድሜ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ እንደሚከማች በክፍል ስናገር ሰንብቼ ነበርና ለትምህርት የሚሆን ጥሩ ምሳሌ አገኘሁ ብዬ ሣቅሁ። እርሳቸው አልሣቁም። ከአንዱ ረድፍ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ይኸኛው በወረቀት ሃምሳ ስምንት ነው፤ እኔ ግን አብሬው አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ እኔ ሰባ አንድ ነኝ። የትኛውን ልጻፍ?» አሉኝ።